የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለዕጩ መኮንንነት የአመራር ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ አንደኛው ከኮምቦልቻ ሁለቱ ከደሴ፣ ስለ ማዕረግ እድገትና ስለ ዕጩ መኮንንነት ፈተና የሚጠይቁ በመሆናቸው የዓምዱን ሙሉ ቦታ ለእነርሱ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ስም በጥያቄአቸው መሠረት አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም ሐሳባቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል። መልሱን የጻፍኩት የፖሊስ አባላትን በማሠልጠን ረጅም ጊዜ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ «በኮምቦልቻ ከተማ የማገለግል ዋና ሳጅን ነኝ። ወደ ረዳት ኢንስፔክተርነት የሚያሳድገውን የዕጩ መኮንን ሥልጠና ለመግባት በሚሰጠው ፈተና ለመቀመጥ ተመዝግቤአለሁ። በማስታወቂያው መሠረት የጽሑፍ ፈተናው ሕግንና አመራርን የሚመለከት ሲሆን፣ የአካል ብቃትና የቃል ፈተናም አለው። ሁለት ወር ገደማ ቀርቶኛል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት የቆዩ የፈተና ጥያቄዎችን ገዝቼ እያነበብኩ ነው። የሕጉ ጥያቄ ብዙም አያስፈራኝም፤ የአመራሩ ግን አራቱም ምርጫ ትክክል እየመሰለኝ ተቸግሬአለሁ። ሥራዬ በፈረቃ ስለሆነ የማነበው ሌሊት ተረኛ ስሆን ነው፤ ያነበብኩትም በማግሥቱ ከአእምሮዬ ይጠፋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ ዋና ሳጅን፣ በመጀመሪያ ደብዳቤዎን ደግሜ እንዳነብ ያደረገኝን ዐረፍተ ነገር ላንሣ። የሕጉ ጥያቄ እንደማያስፈራዎት፣ የአመራሩ ግን እንዳስቸገረዎት ጽፈዋል። እንደ እኔ እምነት ችግሩ የሚጀምረው ሕግንና አመራርን ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች አድርጎ ከማየት ነው። በፈተና ወረቀቱ ላይ ለየብቻቸው ርእስ ተሰጥቷቸው ይቀርቡ ይሆናል፤ በጣቢያ ውስጥ ግን አንድ ኃላፊ የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ወይ በሕግ ላይ የቆመ ነው፣ ወይ ከሕግ የወጣ ነው። ጥሩ የአመራር ጥያቄ የሚያወጣ ፈታኝም ሊያውቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ተፈታኙ ጫና ሲበዛበትና ሰዓት ሲያጥርበት ከሕጉ ሳይወጣ ለበታች አባላቱ ግልጽ ትእዛዝ ሊሰጥ፣ መፈጸሙንም ተከታትሎ ሊያረጋግጥ ይችላልን?

ነገሩን በምሳሌ ላሳይዎት። የሚከተለው ጥያቄ እኔ ያዘጋጀሁት ነው፤ ሁኔታው ግን ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም። ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ከሚሌ መንገድ የመጣ የአንድ የጭነት መኪና ረዳት በስርቆት ተጠርጥሮ ወደ ጣቢያ ይቀርባል። ሰውየው አፋርኛ እንጂ አማርኛ አይናገርም። ተረኛው መርማሪ «አሁን ቃል መቀበል አይቻልም፤ ሰኞ ጧት አስተርጓሚ ፈልገን፣ በዚያው ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን» ይላል። የፈረቃው ኃላፊ እርስዎ ነዎት። ምርጫዎቹም እነዚህ ናቸው እንበል። ሀ፣ የመርማሪውን ሐሳብ ተቀብለው ሰኞ እስኪነጋ ይጠብቃሉ። ለ፣ መርማሪው ቸልተኛ ስለሆነ መዝገቡን ከእርሱ ወስደው ምርመራውን ራስዎ ያካሂዳሉ። ሐ፣ የተያዘበት ሰዓት እንዲመዘገብና አስተርጓሚ በዚያው ሌሊት እንዲፈለግ ያዛሉ፣ ተረኛ ችሎት መኖሩን ያጣራሉ፣ ትእዛዙ መፈጸሙንም ይከታተላሉ። መ፣ ጉዳዩን ለጣቢያው አዛዥ አሳውቀው የሚሰጥዎትን ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

አራቱም ምርጫዎች ትክክል የሚመስሉት ለምን እንደሆነ ይመልከቱ። የመጀመሪያው የተለመደ አሠራር ስለሆነ አያስደነግጥም። ሁለተኛው ትጋት ይመስላል። አራተኛው የዕዝ ሰንሰለትን ማክበር ይመስላል። አንዱን ከሌላው የሚለይልዎት የአመራር ትርጓሜ ሳይሆን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ በአፋጣኝ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም እንዲሁ በሚገባው ቋንቋ እንዲገለጽለት አንቀጹ ያዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ መፈለግ ለሰኞ የሚቀጠር ጉዳይ አይደለም። ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተያዘ ሰው ደግሞ 48 ሰዓቱ የሚሞላው እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ ከ48 ሰዓት የቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀውን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩ አላለም። ፍርድ ቤት ባለበት ከተማ ውስጥ ለሚገኝ ጣቢያ የመንገድ ርቀት ምክንያት ሊሆነው አይችልም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 29 ላይ ለአካባቢው ሁኔታና ለመገናኛ ችግር ትንሽ ቀዳዳ መተዉን ያውቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የበላይ ሕግ መሆኑን ስለደነገገ ያንን ቀዳዳ ከ48 ሰዓት በላይ ሰው ለማቆየት ልንጠቀምበት አይገባም። እንግዲህ «ሀ» በሕግ ወደቀ ማለት ነው።

«ለ» የወደቀው በአመራር ነው። የፈረቃ ኃላፊ መዝገቡን ነጥቆ ራሱ መርማሪ ከሆነ በዚያ ሌሊት ጣቢያውን የሚመራ ሰው የለም፤ መርማሪውም ስሕተቱን ሳይማር ይቀራል። «መ» ደግሞ ብዙ ታማኝና ትሑት አባላትን የሚጥል ምርጫ ነው። አዛዥን ማሳወቅ ተገቢ ነው፣ ግዴታም ነው፤ ነገር ግን በራስዎ ሥልጣን ውስጥ ያለውን፣ ሕግ አስቀድሞ ያዘዘዎትን ነገር ለመፈጸም ትእዛዝ መጠበቅ ኃላፊነትን ወደ ላይ መግፋት ነው። «ሐ» ትክክል የሚሆነው ሰዓቱን ስላስመዘገበ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻዋ ሐረግ፣ መፈጸሙን ይከታተላሉ የምትለው፣ ወሳኝ ናት። ሥልጣን በውክልና ለሌላ ይተላለፋል፣ ተጠያቂነት ግን ከኃላፊው አይወርድም። እሑድ ማታ ሰውየው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቢገኝ «መርማሪውን አዝዤው ነበር» ማለት እርስዎን ነጻ አያወጣዎትም።

ከዚህ በኋላ ማንኛውንም የአመራር ጥያቄ ሲያነቡ ሁለት ነገር አስቀድመው ይጠይቁ። በጥያቄው ውስጥ እኔ የቆምኩት በየትኛው ማዕረግና ቦታ ላይ ነው? በዚህ ቦታ ላይ ሕግ ምን ያዝዘኛል፣ ምንስ ይከለክለኛል? የሁለተኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ምርጫዎች ያስወግድልዎታል፤ የቀሩትን ሁለቱን የሚለየው የመጀመሪያው ነው። በተለይ የቆየ አባል ይህን ጥያቄ መርሳት የለበትም፣ ምክንያቱም ለዓመታት ትእዛዝ ሲፈጽም የኖረ ሰው በፈተናም ላይ እንደ ጥሩ ፈጻሚ እየመለሰ ይወድቃል። እርስዎ የሚፈተኑት ለረዳት ኢንስፔክተርነት ነው፤ መልስዎም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚሰጥ መሆን ይኖርበታል።

ከትእዛዝ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በጽሑፍም በቃልም ሊመጣ የሚችል፣ በሥራ ላይ ደግሞ የሰውን ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ነው። አለቃዎ ከሕግ ውጭ የሆነ ትእዛዝ ቢሰጥዎት ምን ያደርጋሉ? በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 73ና 74 ጎን ለጎን ያንብቡ። የመጀመሪያው ስለ አዛዡ፣ ሁለተኛው ስለ ታዛዡ ኃላፊነት ይናገራል። ታዛዡ የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ፣ ለምሳሌ አዛዡ ሥልጣን ሳይኖረው እንዳዘዘ ወይም ድርጊቱ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ እንደሆነ፣ «ታዝዤ ነው» በማለት ከተጠያቂነት አያመልጥም። ከዚያ አንቀጽ 424ን ይጨምሩበት፤ ተጠርጣሪን በማስገደድ ወይም ክብሩን በሚነካ መንገድ ቃል ለመቀበል የሚሞክር የመንግሥት ሠራተኛ የሚቀጣበት ድንጋጌ ነው። ሕገ መንግሥቱም በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በዚያው በአንቀጽ 19 ደንግጓል። እነዚህን ድንጋጌዎች አያይዞ የተረዳ ተፈታኝ «ምርመራው በአንድ ሌሊት እንዲያልቅ ከላይ ታዟል» ተብሎ የሚጀምር ጥያቄ ሲቀርብለት አይወላውልም። እኔ በበኩሌ ከመላው ዝግጅትዎ ይህ ክፍል ብቻ በደንብ ቢገባዎት፣ ፈተናውን ባያልፉ እንኳ ኮምቦልቻ ተጠቀመች እላለሁ።

ስለ ፎቶ ኮፒው ጥያቄዎች። የቆዩ ጥያቄዎች የጥያቄን መልክ ለመልመድ ይጠቅማሉ፤ ለእውቀት ምንጭነት ግን አይበቁም። በእጅ የተሞሉት መልሶች ማን እንደሞላቸው አይታወቅም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዛሬ በሥራ ላይ በሌለው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ላይ ተመሥርተው ሊሆን ይችላል። አዲሱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በእርሱ ቦታ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ አንድ የቆየ ጥያቄ አንቀጽ ከጠቀሰ፣ ከመሸምደድዎ በፊት በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን ሕግ ራሱን ገልጠው ያመሳክሩ። የሚያስፈልግዎት ብዛት እንደሚያስፈራው አይደለም፦ ከሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት፣ በተለይ ከአንቀጽ 14 እስከ 26፤ ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ስለ እጅ ከፍንጅ ወንጀል፣ ያለ መጥሪያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለ መያዝ፣ ቃል ስለ መቀበል፣ ስለ ብርበራና ስለ ጊዜ ቀጠሮ የሚናገሩት፤ ከዚያም የተቋምዎ የመተዳደሪያ ደንብና የሥነ ምግባር መመሪያ። ብርበራን በሚመለከት፣ ፍርድ ቤት ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ በቀር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንደሚፈጸም የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ይናገራል። በየቀኑ የምትሠሩበት ነገር ስለሆነ አንቀጹን ሳታነቡ «እናውቀዋለን» የምትሉት ዓይነት ድንጋጌ ነው፤ በፈተና ላይ ስሕተት የሚበዛውም እንዲህ ባለው ላይ ነው።

ያነበቡት ስለ መጥፋቱ የጻፉትን በተመለከተ፣ ሌሊት በተረኝነት ላይ ማንበብን አልደግፍም። አንደኛ፣ ተረኝነት ተረኝነት ነው፤ ዓይንዎ ወረቀት ላይ ሆኖ በር ላይ የሚሆነውን ሊከታተሉ አይችሉም። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የተነበበውን አይዝም። ከሌሊት ፈረቃ ሲወጡ መጀመሪያ ይተኙ፤ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ቢያነቡ ሌሊት አራት ሰዓት ሙሉ ከማንበብ ይበልጣል። አነባበብዎንም ይለውጡ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ መልሰዋል፤ ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን የበለጡት፣ አንብበው መጽሐፉን ከድነው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት ነበሩ። እርስዎም አንድ አንቀጽ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠው በራስዎ ቃል ይጻፉት፣ ከዚያ ያስተያዩ፣ የሳቱትን በቀይ ያስምሩ። በሦስተኛው ቀን ሳያነቡ እንደገና ይጻፉት። አድካሚ ነው፤ ድካሙ ግን የሚሠራው ሥራ አለ።

አንድ ደብተር ደግሞ ለሥራዎ ይያዙ። በፈረቃዎ ላይ ውሳኔ የጠየቀ ነገር ሲያጋጥም፣ የተጠርጣሪም ሆነ የግል ተበዳይ ስም ሳይጠቅሱ፣ ቤትዎ ሲገቡ በአምስትና በስድስት መስመር ይጻፉት፦ ምን ሆነ፣ ማን ሊወስን ይገባ ነበር፣ ምን ተወሰነ፣ የትኛው አንቀጽ ይመለከተዋል፣ እኔ ኃላፊ ብሆን ምን አዝዝ ነበር። ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ የታደለች ናት። ደረቅ ወደቡ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከጂቡቲ መስመር የሚመጣው ከባድ መኪና፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚነገርበት ገበያ፣ ፈረቃ የሚወጡት የፋብሪካ ሠራተኞች፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ የማንም ፎቶ ኮፒ የማይሰጥዎትን የአመራር ጥያቄ ያመጣልዎታል። ደብተሩ ለቃል ፈተናም ይጠቅማል፤ ስለዚያ ከሚቀጥለው ደብዳቤ ጋር እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ «በደሴ የማገለግል ሳጅን ነኝ፤ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። አብረውኝ የሚፈተኑት ወንዶች ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ያጠናሉ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት ከቤት መውጣት አልችልም። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የቃል ፈተናው ነው። ባለፈው ጊዜ የተፈተነች ጓደኛዬን ‹ሴት ሆነሽ ወንድ አባላትን እንዴት ትመሪያለሽ?› ብለው እንደጠየቋት ነግራኛለች። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይመለሳል? የሩጫውንስ ነገር እንዴት ላድርግ?»

መልስ፦ እኅታችን፣ ጥያቄው በዚያ መልክ መቅረብ አልነበረበትም፤ ይህን በግልጽ መናገር እወዳለሁ። ወንድ ተፈታኝ «ወንድ ሆነህ ሴት አባላትን እንዴት ትመራለህ?» ተብሎ ካልተጠየቀ፣ ሁለቱ ተፈታኞች በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በሕገ መንግሥቱ በተረጋገጡት መብቶች በመጠቀም ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ከመደንገጉም በላይ፣ በተቋማት ውስጥ ተወዳዳሪ የሚሆኑበት ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ያዝዛል። በቃል ፈተና ወንበር ላይ ሆኖ ከቦርዱ ጋር ስለ ጥያቄው አግባብነት መከራከር ግን ጊዜዎን ይበላል እንጂ ነጥብ አያስገኝም። ቅሬታ ካለዎት ከፈተናው በኋላ በጽሑፍ የሚያቀርቡበት መንገድ አለ። በወንበሩ ላይ እያሉ ግን በሥራዎ ይመልሱ።

በሥራ መመለስ ማለት ይህ ነው። «እመራለሁ፣ አቅም አለኝ» የሚለው መልስ ማንም ሊሰጠው የሚችል ስለሆነ አይመዘንም። ይልቁንም ዋና ሳጅኑን የመከርኩትን ዓይነት ደብተር ይዘው ከነበረ፣ ከዚያ ውስጥ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ይምረጡ። ለምሳሌ በሰኞ ገበያ ግርግር ላይ ሁለት አባላት ስለ ምድብ ቦታቸው ሲከራከሩ፣ ወይም በጥምቀት ወይም በመውሊድ በዓል ጥበቃ ላይ ተተኪው ፈረቃ ሲዘገይ እርስዎ ምን እንዳደረጉ ይናገሩ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን ወሰንኩ፣ ለምን፣ ምን ውጤት መጣ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ያልሆነ ነገር ፈጥረው አይናገሩ፤ ልምድ ያለው ፈታኝ ሁለት ተከታታይ ጥያቄ ከጠየቀ ይደርስበታል፣ ከዚያም እውነተኛውን መልስዎንም አያምንዎትም። ገጠመኙ ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም። የዘገየ ፈረቃን ያለ ጩኸት ማስተካከል በራሱ አመራር ነው።

መጨነቁን የሚቀንሰው ነገር ደግሞ ድምፅዎን መልመድ ነው። በልብ የተዘጋጀ መልስ በአፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ልጅዎ ሲተኛ የስልክዎን መቅጃ ከፍተው አንድ ጥያቄ ቆመው ይመልሱ፤ ከዚያ ያዳምጡት። «እ…» የሚለውን፣ የተንጠለጠለውን ዐረፍተ ነገር፣ ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ቃል ራስዎ ይሰሙታል። በሁለተኛው ሳምንት ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል። ሲገቡ ሰላምታዎን እንደ ደንቡ ይስጡ፣ ተቀመጪ እስኪሉዎት ይቁሙ፣ የጠየቀዎትን ሰው እያዩ ይመልሱ፣ ያልገባዎትን ጥያቄ «ይደገምልኝ» ማለት መብትዎ ነው። የማያውቁትን አንቀጽ ቁጥር ከመገመት «ቁጥሩን አላስታወስኩም፣ ይዘቱ ግን ይህ ነው» ማለት ይሻላል።

ስለ ማታው የጥናት ቡድን፣ እኔ ብሆን አልቆጭበትም። አብዛኛውን ጊዜ ስድስትና ሰባት ሰው ሲሰበሰብ አንዱ ያስረዳል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ያዳመጠውም የገባው ይመስለዋል። ከአንዲት ተፈታኝ ጓደኛ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በቤትዎ፣ ሁለታችሁም ከፈረቃ ነጻ በሆናችሁበት ሰዓት ብትገናኙና አንዷ ጠያቂ ሌላዋ መላሽ ብትሆኑ ይበልጣል። ለዚያች ሰዓት ልጁን ለባለቤትዎ ወይም ለእናትዎ ወይም ለቅርብ ጎረቤት አስቀድመው አደራ ይስጡ፤ አደራውን በግልጽ ጠይቀው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጠው ካልተናገሩ ቤት ሁልጊዜ ሥራ አያጣም።

የሩጫውን ነገር ዋና ሳጅኑም ያንብቡት። ደሴ በጦሳ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀው ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር በታች ናት። በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ሙቀቱን ያውቀዋል፤ ትንፋሹም እንዲሁ ይለያል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። እርስዎ ደሴ ስለሚኖሩ በዚህ በኩል ተጠቃሚ ነዎት። ፈተናው ደሴ የሚሰጥ ከሆነና ተፈታኙ ሲለማመድ የቆየው ኮምቦልቻ ብቻ ከሆነ ግን፣ በመጀመሪያው ዙር በለመደው ፍጥነት ይነሣና በመጨረሻው ዙር ይሸነፋል። ከተቻለ ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት በዕረፍት ቀን ወደ ደሴ እየወጡ ሆጤ አካባቢ መለማመድ፣ ካልተቻለም የመጀመሪያውን ዙር ሆን ብሎ በዝግታ መጀመር ያስፈልጋል። ለእርስዎ የምመክረው፣ ከወሊድ በኋላ ስፖርት ካልጀመሩ በፈጣን እርምጃ ጀምረው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እርምጃና ሩጫ እያፈራረቁ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ሩጫ መሄድ ነው። ሕመም ከተሰማዎት አይግፉበት፤ ሐኪም ያማክሩ። የዝግጅቱ ወር ከረመዳን ወይም ከዐቢይ ጾም ጋር ከተገጣጠመ ከባዱን ልምምድ ከማፍጠሪያ ወይም ከጾሙ ሰዓት ማብቂያ በኋላ ያድርጉት፤ በባዶ ሆድና በጥም ላይ ጉልበት ለማስመዝገብ መሞከር ጉዳት ያመጣል።

ጥያቄ፦ «በደሴ የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ጨርሼአለሁ። በመከላከያ ዕጩ መኮንን ሆኜ መግባት እፈልጋለሁ። አንድ ሰው የመግቢያ ፈተናውን ጥያቄ አስቀድሞ ሊሰጠኝ እንደሚችልና ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ቤተሰቤ ከብት ሸጦ ሊከፍል አስቧል። አያቴ ደግሞ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ለደሴ ሲሉ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል ይላሉ፤ እውነት ነው? ይህስ በፈተና ይመጣል?»

መልስ፦ ልጃችን፣ ከብቱ አይሸጥ። ገንዘብ የሚጠይቅህ ሰው ወይ የሌለውን የሚሸጥ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ የተሰረቀ ፈተና የሚሸጥ ወንጀለኛ ነው። በመጀመሪያው የቤተሰብህ ሀብት ይጠፋል፤ በሁለተኛው አንተም ተጠያቂ ትሆናለህ። ይህን ደብዳቤ ለአባትህና ለእናትህ አንብብላቸው፤ ሰውየውንም በአቅራቢያህ ላለው ፖሊስ አሳውቅ።

ስለ አያትህ ጥያቄ፣ ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ቦታው ግን ደሴ አልነበረም። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል። በዚያ ጊዜ ዕጩ መኮንኖቹ ገና በትምህርት ላይ ነበሩ። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ገባች። ጠላት ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ መንገዱን ለመዝጋት ወደ ጣርማ በር የተላኩት ሥልጠናቸውን ያልጨረሱት እነዚሁ ወጣቶች ነበሩ። ካፒቴን ታም የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኛቸው አብሯቸው ነበር። ሊያቆሙት አልቻሉም፤ የነበራቸው ሰውና መሣሪያ ከዚያ ጦር ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ የጥቁር አንበሳን ድርጅት ከመሠረቱት አርበኞች ጋር ተሰልፈዋል። አያትህ ይህን የሚያስታውሱ ከሆነ ሳይደክማቸው ቁጭ ብለህ ጻፍላቸው፤ ከማንኛውም ፎቶ ኮፒ ይልቅ የሚጠቅምህ እርሱ ነው። ታሪክ በፈተናው ይኑር አይኑር የሚወስነው የዓመቱ ማስታወቂያ ነው፤ በቃል ስትጠየቅ ግን ለምን መኮንን መሆን እንደምትፈልግ መናገርህ አይቀርም፣ ያን ጊዜ የምትናገረው ነገር ይኖርሃል።

ለመግቢያው የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ የትምህርት ውጤት፣ ቁመትና የጤና ሁኔታ በየጊዜው በሚወጣው የምልመላ ማስታወቂያ ላይ ስለሚገለጽ፣ ከወረዳህ ወይም ከክፍለ ከተማህ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ራስህ አንብበው እንጂ ከሰው ሰምተህ አትመዝገብ። እስከዚያው ሒሳብና እንግሊዝኛህን አትተው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሩጥ። የ12ኛ ክፍል ውጤትህን፣ የልደት የምስክር ወረቀትህንና የነዋሪነት መታወቂያህን ዋናውንና ቅጂውን አሁኑኑ አሰናዳ። በሦስቱ ሰነዶች ላይ ስምህና የአባትህ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ተመልከት፤ ልዩነት ካለ ማስተካከያው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ጨርሰው።